ታንኳው ወደ ግራ በዞረ ጊዜ

ሽማግሌው ንጉሥ በሞቱ በአርባ ሰባተኛው ቀን፣ ዓባይ ከሩቅ ደጋ ባመጣው ደለል ቀልቶ የገመተን ከተማን ተምሮች እስከ ጉልበታቸው ባጠለቀበት ወር፣ አዲሲቱ ንግሥት፣ ህንደኬዋ፣ ዘውዷን በአምላኩ በአማኒ ፊት ልትቀበል ከመርዌ ተነሥታ በበረሃው መንገድ ወደ ሰሜን ትገሰግስ ነበር፤ ከተማይቱም ግንቧን ኖራ ቀብታ፣ ወይፈኖቿን አድልባ፣ የማሽላ ጠላዋን ጠምቃ ትጠብቃት ጀመር። በዚህ የደስታ ሰሞን ነው በአማኒ ቤት የውስጠኛው ደጅ ማኅተም ተሰብሮ የተገኘው።

ያ ደጅ በየማታው በጭቃ ይታተማል፤ በየማለዳው ሊቀ ካህናቱ ሆርናኽት በእጃቸው ያነሡታል፤ በመካከሉ አማኒ ብቻውን ነው፤ ከማኅተሙ በኋላ የገባ ሰው ይሞታል። በዚያ ማለዳ ጭቃው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በሰው አውራ ጣት ተጭኖ እንደገና ተለጥፎ ነበር። ከውስጥ የጎደለ ነገር የለም፤ የወርቁ ምስል በመንበሩ፣ የበፍታው ልብስ በትከሻው ነው። ሌባ ቢሆን ነገሩ በቀለለ ነበር፤ ሌባ የሚፈልገው ይታወቃል። ምንም ሳይወስድ የወጣ ሰው ግን ምን ሊያደርግ ገባ? የቤተ መቅደሱ ሰዎች ይህን ጥያቄ ለሦስት ቀን አኘኩት፤ በሦስተኛው ቀን እርስ በርስ ይተያዩ ጀመር። የአምላኩ ወተት በሁለት ሰው ሳይቀመስ አይቀርብም ሆነ፤ ሁለት ካህናት በአንድ ዓምድ ጥላ ቆመው ከተንሾካሾኩ ሦስተኛው ጫማውን የሚፈታ መስሎ ጆሮውን ያስጠጋ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የጠረጠረው ግን ናታሜር ነው። ናታሜር የአማኒ ምስል የሚቀመጥበትን ታንኳ በበዓል ቀን ከሚሸከሙት ሃያ ሰዎች አንዱ፣ ያውም የቀኙ መሎጊያ ፊተኛ ነበር፤ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሸክም ትከሻው እንደ በሬ ሻኛ ጠንክሯል። የቀኝ እግሩን ታናሽ ጣት በልጅነቱ የወፍጮ ድንጋይ ወስዶበታልና ጓደኞቹ «ዘጠኜ» ይሉታል። ሲፈጥረው ተጠራጣሪ ነው፤ የገዛ ጎረቤቱ ጠላ ቢቀዳለት እንኳ ቀጂው አስቀድሞ ካልተጎነጨለት ከንፈሩን አያስነካም።

በዚህ ነገር ግን ለመጠራጠሩ ምክንያት ነበረው። ማኅተሙ በታተመበት ማታ ከውስጥ ቅጥር የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ሽማግሌው በረኛ ቃርሴ፣ ሁለተኛዋ ወተት አቅራቢዋ ላኽታ። ላኽታ የናታሜር የሟች እኅቱ ልጅ ናት፤ በዚያ አገር ደግሞ የሰው ወራሹ የእኅቱ ልጅ ናትና ስሙም ቤቱም እርሷ ነበረች። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ በጀርባው አዝሎ አሳድጓታል። ሁለቱም በተጠየቁ ጊዜ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» አሉ፤ ሊቀ ካህናቱም ህንደኬዋ ሳትደርስ ቤቱ ይጥራ ብለው ፍርዱን ለአማኒ ሰጡ። አማኒ በታንኳው ላይ ሆኖ ይወጣል፤ በዳዩ ወዳለበት ይሄዳል።

የተሸካሚዎች ሕግ አንዲት ናት፦ ፈቃድህን ከደጅ ተው። አማኒ ሲፈልግ ይከብዳል፣ ሲፈልግ ይቀላል፣ ሲፈልግ ይዞራል፤ ተሸካሚው ትከሻ እንጂ ልብ የለውም። ናታሜር ይህን በሙሉ ልቡ ያምናል። የማያምነው ከኋላው የሚቆመውን ቤከሜን ነበር፤ ቤከሜ የገዛ ልጁን በላኽታ ቦታ ለማስሾም ደጅ ሲጠና ሁለት ዓመት ሆኖታልና።

በፍርዱ ቀን ሃያዎቹ ሰዎች ጾመው፣ ራሳቸውን ተላጭተው፣ በውጭው ግቢ ትከሻቸውን ዘይት ሲቀቡ፣ ናታሜር አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ አልመልስ አለ።

«ምነው ዘጠኜ፣ አንገትህ ተጣመመ እንዴ?» አለው ቤከሜ። «ወደፊት እኮ ነው የምንሄደው።»

«ከኋላዬ ያለውን ማወቅ እወዳለሁ።»

«ከኋላህ ያለሁት እኔው ነኝ፤ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ። ዛሬ ነው የታየሁህ?»

«ዛሬ ነው የምትፈልገውን ያወቅሁት። ልጅህ እንዴት ናት? እንስራ መሸከም ተለማመደች?»

ሌሎቹ ዘይት መቀባታቸውን ተዉ። የቤከሜ ፊት ጠቆረ።

«ምን ለማለት ነው?»

«ምንም። ብቻ ዛሬ ታንኳው ወደ ቀኝ ያዘነበለ እንደሆነ፣ የማን ትከሻ እንዳዘነበለው ይህ ሁሉ ሰው ይወቅልኝ ብዬ ነው።»

«ሰማችሁት አይደል?» አለ ቤከሜ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ። «ጾመኛ ባልሆን ኖሮ መልሱን በጥፊ ነበር የምሰጠው። ይሁን፤ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ነገር አፌን አልከፍትም።»

ከዓምዶቹ በታች ባለው ግቢ ከወንዝ የመጣ አዲስ አሸዋ ተነስንሶ ነበር። ቃርሴ በግራ በኩል በትሩን ተደግፎ፣ ላኽታ በቀኝ በኩል እጇን በደረቷ ላይ አድርጋ ቆሙ፤ ሕዝቡ በዙሪያው ጢም ብሏል። ታንኳው በወርቅ እያበራ ከጨለማው ክፍል ወጣ፤ ሊቀ ካህናቱም እጃቸውን ዘርግተው «የነፋስ ጌታ አማኒ ሆይ፣ ደጅህን የደፈረ ከነዚህ ከሁለቱ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ለጥቂት ጊዜ ታንኳው ባለበት ቆመ። ከዚያ ናታሜር በትከሻው ላይ አንድ ነገር ሲመጣ ተሰማው፤ ክብደት ነው፣ ቀስ ብሎ ከግራ ወደ ቀኝ የሚፈስ፣ ላኽታ ወደ ቆመችበት። «መጣ፣ ይኸው ውሻው ቤከሜ ገፋ» አለ በሆዱ። ጥርሱን ነክሶ ቀኝ እግሩን በአሸዋው ውስጥ ተከለ፤ መሎጊያውን በሻኛው አንሥቶ መለሰው። ክብደቱ ትንሽ ታገለው። ከዚያ በድንገት ለቀቀው፤ ታንኳውም ወደ ግራ ዞረ፣ ፈጠነ፣ ከቃርሴ ፊት ሄዶ አፍንጫውን ደፋ። ሕዝቡ እልል አለ። ላኽታ ከቆመችበት ተዝለፍልፋ ወደቀች፤ ቃርሴ ግን በትሩን ይዞ አፉን ከፍቶ ቀረ።

በዚያ ቀን ማታ ናታሜር ራቱን በደስታ በላ። እኔ አልገፋሁም፣ የተገፋውን መለስሁ እንጂ፣ አማኒንም ከክፉ ሰው እጅ አዳንሁት እያለ አሰበ። አንድ ነገር ብቻ ጎደለው፦ ቤከሜን የሚያስይዝበት ማስረጃ። ማስረጃው ያለበትን ደግሞ ያውቃል። አምላኩ የሄደበት አሸዋ እስከ ማግስቱ ማንም አይረግጠውም፤ በማለዳ ቅጥሩ ሲከፈት ሕዝቡ ለበሽተኛው ሊያሽበት እየቆነጠረ ይወስደዋል። የገፋ ሰው እግሩን ሳይተክል አይገፋም፤ የቤከሜ እግር ደግሞ እንደ ዳክዬ እግር ጠፍጣፋ ነው፣ ከሺህ እግር ይለያል።

ጎሕ ሲቀድ በተሸካሚዎች በር ገባ፤ የግቢውን ጠርዝ ይዞ ተንበረከከና መንገዱን ያነብ ጀመር። የቤከሜን ዱካ ወዲያው አገኘው። ሰፊ፣ ቀላል፣ ቀጥ ያለ ነው፤ ታንኳው በዞረበት ስፍራ እንኳ ተከትሎ ዞረ እንጂ አልቆፈረም። ናታሜር ዓይኑን አሽቶ እንደገና አየ። የአምስተኛውን፣ የሰባተኛውን፣ የዐሥረኛውን ሰው ዱካ ሁሉ አየ፤ ሁሉም የተጎተተ ሰው ዱካ ነው። በቀኙ መሎጊያ ፊት ብቻ አንድ እግር እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰምጦ፣ አሸዋውን እንደ ማረሻ ገልብጦታል። አራት ጣት ነው ያለው።

ቤከሜ ካልገፋ፣ ማንም ካልገፋ፣ ያ ወደ ቀኝ የፈሰሰው ክብደት የማን ነበር? ሰው የታገለ መስሎት ማንን እንደ ታገለ ያን ጊዜ ገባው።

ላኽታን በላሞቹ በረት አገኛት፤ የጠዋቱን ወተት በጨርቅ ታጠልላለች።

«አጎቴ! ምነው ፊትዎ እንዲህ ሆነ? አመምዎት እንዴ?»

«ላኽታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። የእናትሽን ነፍስ ይዤ ነው የምጠይቅሽ። ገብተሻል?»

ጨርቁን ጨምቃ ወደ ጎን አኖረችው። ከዚያ እንደ ሕፃን ልጅ አፏ ተጣመመ።

«ማሰሮዋን ረስቻት ነው። ትንሿን ማሰሮ፣ የማታ ወተት ያለባትን። ከታተመ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ጠዋት ሊቀ ካህናቱ ሲከፍቱ የረጋ ወተት በአማኒ ፊት ቢያገኙ ምን ይሉኛል? ጋሽ ቃርሴ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ገባሁ፣ አነሣሁ፣ ወጣሁ። ዓይኔን እንኳ አላነሣሁም! ጭቃውን ደግሞ ምራቄን እንትፍ ብዬ መልሼ ለጠፍሁት፤ ይያዛል ብዬ ነበር እኮ።»

«ለማሰሮ?» አለ ናታሜር። «ለማሰሮ ነው ይህ ሁሉ?»

«ልናገር ነበር። ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል አማኒ ይጠየቅ ተባለ። ትናንት መሞቴን አውቄ ነበር የቆምኩት። አማኒ ግን እያወቀ ወደ ጋሽ ቃርሴ ሄደ።» እጁን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። «ይቅር ብሎኛል ማለት ነው፣ አይደል አጎቴ? እሱ ከሰው የተሰወረ ሌላ ኃጢአት አይቶባቸው ይሆናል። አይደል?»

ናታሜር እጁን ከእጇ አላቅቆ ወጣ። ፀሐይ እኩለ ሰማይ ስትደርስ የሞት ምልክት ወደ ቃርሴ ቤት ይላካል፤ ጫፉ የጠቆረ የሰጎን ላባ ነው። የተላከለት ሰው ወደ ቤቱ ገብቶ በገዛ እጁ ይሞታል፤ ወግ ነውና የሚጠብቀው ወታደር የለም፣ የሚሸሽም የለም። በአገሩ ሲተረክ የሚኖር አንድ የሸሸ ሰው ነበረ፤ እርሱንም የገዛ እናቱ በመቀነቷ አንቃ ስሟን አድናለች ይባላል።

ሊቀ ካህናቱ ሆርናኽት በቤተ መቅደሱ ሐይቅ ዳር ታጥበው ሲጨርሱ ናታሜር ከእግራቸው ሥር ወደቀ።

«ጌታዬ፣ አማኒን ገፋሁት። የትናንቱ ፍርድ የእኔ ነው፣ የእርሱ አይደለም። ላባው ለእኔ ይላክ።»

ሊቀ ካህናቱ ፊታቸውን በበፍታ እያደረቁ ቆዩ። ሲገልጡት ዓይናቸው ጠብቦ ነበር።

«ለማን ብለህ ገፋህ?»

«ቤከሜ የገፋ መሰለኝ፤ ልመልስ ብዬ ነው።»

«ወይስ የእኅትህ ልጅ ያጫወተችህ ነገር አለ?»

«የለም» አለ ናታሜር፤ ቃሉ ከአፉ የወጣው ሳያስበው ነው።

«የለም ካልህ የለም ነው።» ሊቀ ካህናቱ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማኝ ልጄ። ህንደኬዋ ስድስት ቀን ቀርቷታል። አማኒ ሊመርጣት ወደ እርሷ ሲራመድ ሊያይ ይህ ሁሉ አገር ተሰብስቧል፤ አክስቶቿም የአክስቶቿም ልጆች አንዲት ቀዳዳ ይፈልጋሉ። ዛሬ አንድ ተሸካሚ ገፍቶት ነበር ብዬ ብናገር፣ ነገ ምን ይሉኛል? ሟቹንስ ንጉሥ ማን ገፍቶ መረጣቸው አይሉኝም? ያን ጊዜም በቀኙ መሎጊያ ላይ አንተ ነበርህ።»

«ጋሽ ቃርሴ በከንቱ ሊሞቱ ነው እኮ፣ ጌታዬ!»

«ጾም ያዞራል። ደክመሃል፤ ሂድና እህል ቅመስ። እኔ ምንም አልሰማሁም።» ጥቂት እንደ ሄዱ ዞር ብለው ጨመሩበት፦ «ደግሞ ብትጮህ፣ አማኒ የሚጠየቀው እንደገና ነው። ሁለተኛ ሲወጣ ወዴት እንደሚዞር የምታውቅ ይመስለኛል።»

ናታሜር ከዚያ ወደ ቃርሴ ቤት ሮጠ። ሽማግሌው ከደጁ ካለው ዛፍ ሥር፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሽርጥ አሸርጦ የማሽላ ገንፎ ይበላ ነበር፤ ሚስቱ ከአጠገቡ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ተቀምጣለች።

«ና ዘጠኜ፣ ቅመስ» አለው። «አትፍራ፣ እኔ አስቀድሜ ቀምሼልሃለሁ።»

«ጋሽ ቃርሴ፣ ይነሡ። ጀልባ አለኝ። ወንዙን ይሻገሩና ይሂዱ።»

«ወዴት? በሰባ ዓመቴ? ልጆቼ የሸሸው ሰውዬ ልጆች ይባሉልኝ?» ገንፎውን አላምጦ ዋጠ። «ሌሊቱን ሁሉ ሳስብ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ መግባቴን አላስታውስም። ግን ያን ማታ ተኝቼ ነበር፤ ሰው ተኝቶ ይሄዳል ይባላል። ተነሥቼ ገብቼ ይሆናል። እኔ ብረሳ እሱ አይረሳም።»

«አልገቡም! የገፋሁት እኔ ነኝ። ታንኳውን እኔ ነኝ ወደ እርስዎ የመለስኩት።»

ቃርሴ አተኩሮ አየው፤ ከዚያ ሳቀ፣ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «ሰማሽው? አማኒን ገፋሁ ይላል! አምና አህያዬ ቦይ ውስጥ ስትተኛ ግማሽ ቀን ገፍቶ ያቃተው ሰው!» ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። «ልታጽናናኝ ነው የመጣኸው። ደግ ሰው ነህ። ተጠራጣሪ ነው ይሉሃል እንጂ ልብህ ደግ ነው።»

«እውነቴን ነው። ዱካዬን አይቻለሁ።»

ሚስቲቱ ፊቷን መለሰች። ቃርሴም ሳቁን ተወ፤ ሳህኑን ወደ ጎን አኖረ።

«እሺ። እኔ ካልሆንኩ ማን ነው?» አለ ቀስ ብሎ። «አንድ ስም ጥራልኝ፤ ሄጄ ከሊቀ ካህናቱ ደጅ እጮሃለሁ። መሞት አማረኝ መሰለህ? ማን ገባ፣ ናታሜር?»

በመንገዱ ጫፍ ነጭ የለበሰ መልእክተኛ ብቅ አለ። በእጁ ላባ ይዟል። ናታሜር አፉን ከፈተ። ስሟ ከምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ አራት ዓመቷ ሆና በጀርባው ላይ እንቅልፍ ሲወስዳት አንገቱ ላይ የምትተነፍሰው ትንፋሽ ተሰማው።

«አላውቅም» አለ።

ቃርሴ ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ ያለቀለት ሰው መሰለ፤ እንዲያውም የቀለለው።

«እንግዲያስ እኔ ነኝ» አለና ላባውን ለመቀበል ተነሣ።

በስድስተኛው ቀን ህንደኬዋ ገባች፤ ከበሮው መሬቱን ያንቀጠቅጥ ነበር። ታንኳው ሲወጣ ናታሜር በቦታው ነበር፤ የቀኝ ፊተኛውን ቦታ ማን ይነፍገዋል? በትከሻው ላይ ያንን ክብደት ጠበቀ፤ ይምጣና ይፍጨኝ ብሎ ለመነ። የመጣ ነገር አልነበረም። መሎጊያው እንጨት ነበር፣ ወርቁም ወርቅ፤ ሃያ ሰዎችም ያልባቸው ነበር። በዚህ መካከል ከኋላው ቤከሜ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ ለእርሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ተናገረ።

«እግርህን አላላ፣ ዘጠኜ። ያን ቀንም እንዲህ ተክለኸው ነበር።»

በዓሉ አለቀ። ሲበተኑ ናታሜር ቤከሜን ከዓምድ ጥግ ያዘው።

«ታውቅ ነበር? ታውቅ ኖሮ ሰውየው ሲሞት ዝም አልህ?»

«መሎጊያው በትከሻዬ ላይ ነው ያለፈው፤ እንዴት አላውቅም?» አለ ቤከሜ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ደክሞት ነበር። «ልናገር ተነሥቼ ነበር። ግን ማን ያምነኛል? ልጁን ለማስሾም ላኽታን ሊያስገድል ነው ይሉኛል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አስቀድመህ ያልኸው አንተ አይደለህም እንዴ?»

ናታሜር ከዚያ በኋላ ዐሥራ አንድ ዓመት ተሸከመ፤ ማንም ሲቀዳለት ቅመስልኝ ብሎ አያውቅም። ላኽታ እስክታረጅ ድረስ ወተት አቀረበች፤ የተምር ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ከምትደነግጥ በቀር በደህና ኖረች። ሊቀ ካህናቱ ባስቀረጹት የድንጋይ ጽሑፍ ላይ አማኒ ወደ ልጁ ወደ ህንደኬ ሦስት እርምጃ እንደ ተራመደ፣ እንዳላመነታም ሰፍሯል፤ ከዚያ በታች ከቤተ መቅደሱ አገልጋዮች መካከል ላኽታ «አማኒ መርምሮ ንጽሕት ያላት» ተብላ ተጽፋለች። የቃርሴ ስም እንደ ደንቡ ከበረኞቹ መዝገብ ተፋቀ፤ ልጆቹም ስለ አባታቸው ሰው የጠየቃቸው እንደሆነ፣ አምላክን ያስቀየመ ሰው ነበር ብለው ይመልሱ ነበር፤ ያምኑትም ነበር።